ስብሰባ ላይ ዝም የሚሉ ሠራተኞችን እንዴት ላነሳሳ?

ጥያቄ፦
«ደቡብ ወሎ ውስጥ የአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። 31 ዓመቴ ነው። ግማሾቹ ሠራተኞች በዕድሜም በአገልግሎትም ይበልጡኛል። ጠዋት ስብሰባ ላይ ‹አስተያየት?› ስል ሁሉም ጫማውን ያያል። እኔ ስወጣ ግን ወሬው ይደራል። የዱቲ (የተረኝነት) ክፍያ ከዘገየ ቆየ፤ የያዝኩት እኔ እየመሰላቸው ነው። በቅርቡ አንዲት ነባር አዋላጅ አርፍዳ ስትገባ በሰው ፊት ተናገርኳት። በኋላ ስሰማ ለካ ሌሊቱን ሙሉ ወላድ ይዛ ነው ያደረችው። ከዚያ ወዲህ ሥራዋን ትሠራለች፤ ሰላምታዋ ግን ከአንገት በላይ ሆኗል። ስለ ስሜት ብልህነት ሥልጠና ወስጃለሁ። ደብተሩ አለ፣ ሥራ ላይ ግን አልዋለም። የሥልጠና በጀት ትንሽ ስላለች ከደሴ አሠልጣኝ ላስመጣ እያሰብኩ ነው። ለመሆኑ ሰው በምን ይነሳሳል?»

ምላሽ፦
ወንድሜ፣ ከጻፍከው ሁሉ ዓይኔ የቀረው «ሁሉም ጫማውን ያያል» ያልከው ላይ ነው። ሰው በምን ይነሳሳል ብለሃል። እስቲ መልሼ ልጠይቅህ። እነዚህ ሰዎች ተነሳሽነት የላቸውም ያለህ ማነው? ሌሊቱን ሙሉ ወላድ ይዛ ያደረች ሴት ተነሳሽነት ጎደላት አትለኝም። ሰዎቹ ሥራው ላይ አሉ። አንተ ጋ ሲደርሱ ነው አፋቸው የሚዘጋው። ስለዚህ ነገሬን «እንዴት ይናገሩኝ?» ከሚለው ልጀምር። እሱ ከተፈታ የቀረው መንገድ አጭር ነው።

በቅድሚያ ስለ ደብተርህ ትንሽ ልበል። የስሜት ብልህነት የሚባለውን ሐሳብ በጥናት መልክ ያቀረቡት ፒተር ሳሎቬይ እና ጆን ሜየር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1990 ነበር። ያኔ የተባለው ልከኛ ነገር ነው፦ የራስንም የሌላውንም ስሜት መለየት፣ መረዳት፣ ለሥራ ማዋልና መግራት። በ1995 ጸሐፊው ዳንኤል ጎልማን ለሰፊው አንባቢ ሲያቀርበው ዓለምን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ገበያ ሆነ። የስኬት ሁሉ ቁልፍ ነው ተባለ። ተመራማሪዎች በዚህ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ በምን እንደሚለካ እንኳ ዛሬም አንድ ቃል አልሆኑም። እኔ የማምነው የመጀመሪያዋን ልከኛ ሐሳብ ነው። እሷም ብትሆን ከደብተር ላይ አትሠራም። ኮሪደር ላይ፣ በንዴት ሰዓት ነው የምትፈተነው።

አሁን ወደ አዋላጇ። ይህ ሳይስተካከል ሌላው ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አንተ በሁለት ደቂቃ የጨረስከውን ንግግር እሷ ይዛው ቤቷ ገብታለች። የሰማችውም እሷ ብቻ አይደለችም። ካርድ ክፍሉም፣ ላብራቶሪውም፣ ጽዳቷም ሰምተዋል። ሁሉም የያዙት ትምህርት አንድ ነው፦ ይሄ ልጅ ሳይጠይቅ ይፈርዳል። ጫማ የሚታየው ለዚህ ነው።

አበጋሮች፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ደም የተቃቡ ሰዎችን ሲያስታርቁ አይተህ ወይም ሰምተህ ታውቅ ይሆናል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል። ዱዓ ይደረጋል፣ ይመረቃል። ከዚያ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። የተበዳይም የበዳይም ቃል እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ ፍርድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገዳይ እንኳ በሚደመጥበት አገር ተቀምጠን አንዲት ያረፈደች አዋላጅ ሳትደመጥ ይፈረድባታል። ወሎ መስማት አልጎደለውም። ቢሮ ስንገባ ነው ከበር ላይ ጥለነው የምንገባው።

ታዲያ ሽማግሌ ልላክ እንዳትል። ሽማግሌ ሲገባበት ነገሩ ይከብዳል፤ ቅሬታዋ ገና ካልወጣላት ደግሞ «እምቢ አለች» ተብላ ሁለተኛ ልትወቀስ ነው። ራስህ ሂድ። ቢሮም አትጥራት። በእኛ መሥሪያ ቤት ቢሮ መጠራት መቼ ለደግ ሆኖ ያውቃል? ማዋለጃው ጸጥ ያለበትን ሰዓት ጠብቅና እዚያው ሄደህ፣ ማንም በሌለበት፣ ቁጭ ብለህ ተናገር። በዕድሜ የምትበልጥህ ከሆነ አንቺታውን ተወው። እንዲህ በላት፦

«ሲስተር፣ ያን ዕለት በሰው ፊት የተናገርኩዎት ልክ አልነበረም። ለምን እንዳረፈዱ መጠየቅ ነበረብኝ። ወላድ ይዘው እንዳደሩ የሰማሁት በኋላ ነው። አፉ ይበሉኝ።»

እዚህ ላይ አቁም። «ግን እርስዎም ደውለው ቢያሳውቁኝ ኖሮ…» የምትል ዓረፍተ ነገር ምላስህ ጫፍ ላይ ትመጣለች። ዋጣት። እሷ ከወጣች ይቅርታው ክስ ሆነ ማለት ነው።

ምናልባት «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ይተውት» ትልህ ይሆናል። በዚህ ተደስተህ አትነሳ። ይህ የጨዋ ሰው መልስ ነው፤ ልቧ ገና አልመጣም። ዝም ብለህ ትንሽ ቆይ። ከዚያ «ስብሰባ ላይም ልናገረው እፈልጋለሁ፤ ደስ ካላለዎት ግን እተወዋለሁ» በል። በሰው ፊት የተሰበረ በሰው ፊት ቢጠገን ደግ ነው። ግን ፈቃዱ የእሷ ነው። አንዳንድ ሰው ነገሩ ዳግም እንዲነሳ አይፈልግም። እሺ ካለችህ በማግስቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሥራ። ንግግር አታሳምር፣ አታስጨብጭብ።

ይቅርታ ብቻውን ግን አይበቃም። ሌሊት ወላድ ይዞ ያደረ ሰው ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚገባው? ማን ይተካዋል? ርክክቡ በምን ይመዘገባል? በጽሑፍ ካለ የት እንደተቀመጠ ጠይቅ፤ ከሌለ ከእሷና ከሌሎቹ አዋላጆች ጋር ተቀምጣችሁ አውጡት። የሰው ልብ የሚመለሰው የጎዳው ነገር ዳግም እንዳይመጣ የሆነ ነገር ሲደረግ ሲያይ ነው።

አንዳንዱ ባልደረባዬ እዚህ ላይ «ኃላፊ ይቅርታ ካለ ይናቃል» ይለኛል። አልስማማም። ሠራተኛው ጥፋትህን ከአንተ በፊት ያውቀዋል። የሚናቀው እያወቀ የማያምነው ነው።

የዱቲ ክፍያው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የስሜት ብልህነት ምትክ አይሆንም። ሰው የሠራበት ገንዘብ ሳይከፈለው ፈገግ በል ማለት ስድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፍሬድሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ በፒትስበርግ አካባቢ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን አናግረው የደረሱበት ነገር ዛሬም ይጠቀሳል። ሰዎቹ ሥራችንን ጠላን ያሉበት ምክንያትና ወደድን ያሉበት ምክንያት አንድ ዓይነት አልነበረም። ያስመረራቸው የደመወዝ ጉዳይ፣ የአለቃ ጠባይ፣ ግራ የገባው አሠራር ነው። ያስደሰታቸው ደግሞ የተሳካ ሥራ፣ ያንን ያየላቸው ሰው መኖሩ፣ ኃላፊነት መሰጠቱ። የጥናቱ አሠራር በኋላ ተተችቷል፤ ሰው ሲሳካለት በራሱ፣ ሳይሳካለት በሌላው ማሳበቡ ያለ ነው። ቢሆንም ለአንተ የሚጠቅም ፍሬ አለው። ክፍያው ቢመጣ ሠራተኛህ በደስታ አይዘልም። ምሬቱ ግን ይቀንሳል። ምሬቱ ሳይቀንስ ምስጋናም ሥልጠናም ቢዘንብ አይገባም።

ገንዘቡ በእጅህ የለም። መረጃው ግን በእጅህ ነው። ወረዳ ስትሄድ ብቻህን አትሂድ። ከሠራተኛው አንድ ሰው፣ በተለይ አብዝቶ የሚያጉረመርመውን፣ ይዘህ ሂድ። ወረቀቱ ከማን ጠረጴዛ ላይ እንደቆመ በዓይኑ ይይ። ሲመለስ አንተ መሐላ አያስፈልግህም፤ ወሬው በሱ አፍ ጤና ጣቢያውን ያዳርሰዋል። ከዚያ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አጭር ወረቀት ለጥፍ፦ የየትኛው ወር ጥያቄ መቼ ገባ፣ አሁን የት ደረሰ፣ ቀጥሎ የምትጠይቀው መቼ ነው። «ሐሙስ እሄዳለሁ፣ አርብ ጠዋት እነግራችኋለሁ» ካልክ አርብ ጠዋት ተናገር። አዲስ ነገር ባይኖርም «ምንም የለም፤ የነገሩኝ ይህን ነው፤ ማክሰኞ እመለሳለሁ» በል። ይህ ትንሽ ይመስላል። ሰው ግን ባዶ እጅህን ይዘህም ቢሆን በቀጠሮህ ስትገኝ ቃልህን መቁጠር ይጀምራል።

ቀኑን አንተ የማትወስነውን ነገር ግን ቃል አትግባ። ደግሞ ቅሬታ ሲነሳ ቶሎ «አብሽሩ፣ ይስተካከላል» አትበል። ማጽናናት ደግ ነው፤ ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ ሲመጣ ግን አፍ ማስያዣ ይሆናል። መጀመሪያ ይናገር። የቤት ኪራይ ማለፉንም፣ ልጁ ክፍያ ስላልተከፈለለት ከትምህርት ቤት መመለሱንም ይናገር። «እውነት ነው፣ ከባድ ነው» ብሎ መስማት ክፍያ አይተካም፤ ጠላት አለመሆንህን ግን ያሳያል።

ወደ ጠዋቱ ስብሰባ ልመለስ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች ተመራማሪ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የነርሶችን ቡድኖች ታጠና ነበር። ጥሩ የሚመሩ፣ የሚግባቡ ቡድኖች በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ የሚመዘገብባቸው ስህተት ያንስ ይሆናል ብላ ነው የጀመረችው። ያገኘችው ተገላቢጦሹን ነው፤ በጥሩዎቹ ቡድኖች የተመዘገበው ስህተት በዛ። ነገሩን ስትመረምረው የተሻለው ማብራሪያ እነሱ ጋ ስህተት በብዛት መሠራቱ ሳይሆን በግልጽ መነገሩ ሆነ። ሌሎቹ ይደብቁት ነበር። ከዚህ ተነስታ በ1999 ያቀረበችው ሐሳብ ሰው ሳይፈራ መናገር የሚችልበት ቡድን ይሻላል፣ ይማራልም የሚል ነው። ለጤና ጣቢያ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ስብሰባህ ላይ «ሁሉ ሰላም» ከተባለ ደስ አይበልህ። ማቀዝቀዣው ሌሊት ጠፍቶ ያደረ፣ ክትባቱ የሞቀ ሊሆን ይችላል። የፈራ ሰው ሰክቶት ዝም ይላል።

ሠራተኞችህ ለምን ዝም አሉ? ሞኝ ስላልሆኑ ነዋ! «ግምገማ» የሚባለውን ያልቀመሰ የመንግሥት ሠራተኛ በአገራችን አታገኝም። ሂስና ግለ ሂስ ተብሎ ሰው በራሱ አፍ የተናገረው ነገር ተመዝግቦ ኋላ ሲመዘዝበት አይተዋል። እና «ነፃ ሆናችሁ ተናገሩ» ስትላቸው የሚሰሙት ሌላ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ተዋት። የተናገረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ነው የሚጠብቁት።

ስለዚህ ጥያቄህን አሳንሰው። «ችግር አለ?» ብሎ ለሃያ ሰው መጠየቅ መልሱን «የለም» ብሎ መጻፍ ነው። ይልቅ ዱቲ ያደረችውን ነርስ «ሌሊት እጅሽን ዘርግተሽ ያጣሽው ዕቃ ምን ነበር?» በላት። ይህ ማንንም አያስከስስም። «ጓንት አልቆ ነበር» ትላለች። አሁን ፊትህን ነው ሁሉም የሚያየው። «ለምን ቀድማችሁ አልጠየቃችሁም?» ካልክ አበቃ፤ ሌላ አፍ አይከፈትም። «እሺ፣ ጻፍኩት፤ ከስቶር ዛሬ አጣራለሁ» ካልክና በማግስቱ መጀመሪያ የምትናገረው ስለ ጓንቱ ከሆነ ግን፣ በሳምንቱ ሌላ ሰው ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ያነሳል። ከፍ እያለ ይሄዳል። አንድ ቀን ስለ አንተ ራስህ ይነሳል። ያኔ ፊትህን ጠብቅ።

ሌላ ነገር፤ አንተ መጨረሻ ተናገር። ኃላፊ ሐሳቡን ቀድሞ ካስቀመጠ በኋላ «እናንተስ?» ማለት ፊርማ ማሰባሰብ ነው። ከተቻለ ከዕድሜ ትንሹ ይጀምር፤ ነባሮቹ ከተናገሩ በኋላ ጀማሪዋ ተቃራኒ ሐሳብ አታነሳም፣ አስተዳደጓም አይፈቅድላትም።

ስለ ሐሜቱ ደግሞ አትጨነቅ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ስለ አንተ የሚወራውን መጨረሻ የምትሰማው አንተ ነህ። ወሬ አመላላሽ ግን እንዳትይዝ። ስለ ሰው ሹክ የሚልህን ሠራተኛ ካስጠጋህ የቀሩትን ሁሉ አጣህ። «ይህን ራሱ ይንገረኝ፤ አልቆጣም በልልኝ» ብለህ መልሰው።

ቡና ላይ ትቀመጣለህ? አልጻፍክም። ሠራተኛው አዋጥቶ ቡና የሚያፈላ ከሆነ አንዳንዴ ግባ። አዋጣም። አቦል ጀባ ሲባል ተቀበል፣ ስለ ዝናቡና ስለ ሰብሉ አውራ፣ ሪፖርት አታንሳ። ቶናውን ጠጥተህ ተነስ። በረካው ላይ በሰላም ይሙህ፤ እሱም መብታቸው ነው።

አሁን ስለ ራስህ። አዋላጇን የተናገርክበት ጠዋት ከስብሰባው በፊት ምን ነበር? እገምታለሁ፤ ስልክ። ከወረዳ «ሪፖርታችሁ የታለ፣ አፈጻጸማችሁ ቀይ ነው» የሚል ስልክ። ይህን የምለው ጠንቋይ ስለሆንኩ አይደለም፤ የብዙ ኃላፊ ጠዋት እንደዚህ ስለሚጀምር ነው። ወረዳው አንተን ይቆጣል፣ አንተ አዋላጇን ትቆጣለህ፣ አዋላጇ ምጥ ላይ ያለችውን እናት ትቆጣለች። ቁጣው መጨረሻ የሚያርፈው አልቅሳ እንኳ መመለስ የማትችለው ላይ ነው። እናትየዋም የሚቀጥለውን ልጅ ቤቷ ልትወልድ ትወስናለች፤ ለጎረቤቷም ትናገራለች። ከዚያ የወሊድ አፈጻጸማችሁ ይወርዳል፣ ወረዳው እንደገና ይደውላል።

ሰንሰለቱን መቁረጥ የምትችለው አንተ ጋ ያለውን ቀለበት ብቻ ነው። ስልኩን ዘግተህ ቀጥታ ስብሰባ አትግባ። ውጣና ግቢውን ዙር። ለራስህ «አሁን ተናድጃለሁ፤ የተናደድኩት በወረዳው ነው» በል። ስሜትን በስሙ መጥራት ግለቱን እንደሚቀንስ በጥናት የታየ ነገር ነው። መግባት ግድ ከሆነብህ ደግሞ ለሰዎቹ ንገራቸው፦ «ዛሬ ከወረዳ የሚያናድድ ስልክ ደርሶኝ ነው የገባሁት፤ ፊቴ ቢጠቁር በእናንተ አይደለም።» ሰው የአለቃውን ፊት ሲያነብ ነው የሚውለው። ካልነገርከው በራሱ ይተረጉመዋል፤ ትርጉሙም ሁሌ በራሱ ላይ ነው።

የሰዎችህን ፊት ስታነብም ተጠንቀቅ። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ በወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ከሠራተኞችህ መካከል ያን ጊዜ ዘመድ ያጣ፣ ቤቱ የተዘረፈ፣ ታካሚ ይዞ የተሰደደ አይጠፋም። ኮራ፣ ቀዘቀዘ የምትለው ሰው እንቅልፍ ያጣ ሊሆን ይችላል። ንገረኝ ብለህ ግን አታስጨንቀው። አንተ አለቃው እንጂ ሐኪሙ አይደለህም። «ሰሞኑን ደክሞህ አየሁህ፤ የዱቲ ፕሮግራሙን ማቅለል ይረዳህ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ከዚያ ያለፈ ሲመስልህ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት እንዲሄድ አመቻች፤ ነገሩም በአንተና በሱ መካከል ይቅር።

እስካሁን ያወራሁት የሚያዳክመውን ስለማንሳት ነው። የሚያበረታውስ? እዚህ ላይ ከሁሉ የምወደው አንድ ጥናት አለ። አዳም ግራንት የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ነው። አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ነፃ ትምህርት የሚሆን ገንዘብ በስልክ የሚለምኑ ሠራተኞች አሉት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ስልክ ይዘጋባቸዋል። ከሠራተኞቹ የተወሰኑት በዚያ ገንዘብ ከተማረ አንድ ልጅ ጋር ለጥቂት ደቂቃ ተገናኙ። ከወር በኋላ ሲታይ እነሱ ስልክ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ የሚሰበስቡትም ገንዘብ እንዲሁ። ክፍያ አልተጨመረም። ንግግር ያደረገ አለቃም የለም። የልፋታቸውን ፍሬ በዓይናቸው አዩ፣ በቃ።

የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ፍሬውን የሚያይ ይመስላል። ግን አያይም። ከባዱን ነገር ሁሌ ወደ ላይ ይልካል። ደም የፈሰሳትን እናት ሌሊት አምቡላንስ ላይ ጭኖ ወደ ደሴ ሪፈር ይላል፤ ከዚያ ምን ሆነች? አያውቅም። የደም ሥር መስመር የከፈተላት፣ ደም መፍሰሱን የሚገታውን ኦክሲቶሲን የሰጣት፣ እጇን ይዞ እስከ አምቡላንሱ የሸኛት ሰው እሷ ትኑር ትሙት ሳያውቅ በማግስቱ ሌላ ታካሚ ይቀበላል። ይህ ሰው ቢዝል ይገርማል?

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ምላሽ ውሰድ ብትለኝ ይህን ነው የምሰጥህ። ሪፈር ለተላከ ሰው ሁሉ የቤተሰቡን ስልክ መዝገብ ላይ ያዙ። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን አንተ ራስህ ደውል። የሰማኸውን ለላከው ባለሙያ ንገረው። «ያቺ ማክሰኞ ሌሊት የላክሻት እናት ትናንት ከነልጇ ወጥታለች። ባሏ ‹ያቺን ልጅ አመስግኑልኝ› አለ።» ይህን የሰማች አዋላጅ የምትሆነውን ራስህ ታየዋለህ። ሞታ ከሆነም ንገራት። ብቻዋን፣ ቁጭ ብለህ። ከዚያ ምን ማድረግ ይቻል እንደነበር አብራችሁ እዩ፤ ጥፋት ፈላጊ ሆነህ ግን አይደለም። መጥፎውን ወሬ የምትደብቅ ከሆነ ደጉንም አያምኑህም። የነፍሰ ጡር እናቶች ስብሰባ በምታደርጉበት ቀን ደግሞ በደህና ወልዳ የሄደች እናት ጋብዛችሁ ታውራ። ለነፍሰ ጡሮቹ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ቆመው የሚሰሙት ሠራተኞችህም ስለሚሰሙ ነው።

ምስጋና ላይ አልቆይም። «ጎበዝ፣ ቀጥሉበት» ምንም አይደለም፤ ለማንም ይባላል። የሠራውን ነገር ጥቀስ። በሰው ፊት መወደስ የሚያሳፍረው ሰው ብዙ ነው፤ ዓይን ይበላኛል ብሎ የሚሸሽም አለ። ለእነሱ ደብዳቤ ጻፍ፤ ግልባጩም በግል ማኅደራቸው ይያያዝ። የመንግሥት ሠራተኛ ለዕድገትም ለዝውውርም ሲወዳደር ማኅደሩ ይታያል። ቁምነገር ያለው ምስጋና እሱ ነው።

በመጨረሻ ስለ እውነተኛው ሰነፍ። ያልጠቀስከው፣ ግን የማይጠፋው። ከሰዓት በኋላ ፋርማሲውን ዘግቶ የሚወጣው። ይህን ሁሉ ያነበበ አንዳንድ ኃላፊ «እንግዲህ ማንንም አልናገርም» ብሎ ይሉኝታ ውስጥ ይገባል። ያ ደግነት አይደለም። የሱን ሥራ ደርባ የምትሠራው ልጅ እያየችህ ነው። ብቻውን ጠርተህ የምታውቀውን ብቻ ተናገር፦ «ሰኞም ረቡዕም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋርማሲው ተዘግቶ ነበር። ከሩቅ ቀበሌ የመጡ ሰዎች መድኃኒት ሳያገኙ ተመልሰዋል። ምንድን ነው የገጠመህ?» «አንተ ሁሌም…» ብለህ ግን አትጀምር። መልሱን እስከ መጨረሻ ስማ፤ የታመመ ወላጅ ቢኖርስ? ካለ መላ ፈልጉ። ከሌለ የምትጠብቀውንና መቼ ዳግም እንደምትነጋገሩ በግልጽ ንገረው። ያ ቀን ሲደርስ ለውጥ ከሌለ የቃል ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ የጽሑፍ፤ ደንቡ በሚለው መንገድ፣ ሳትጮህ። ጩኸትና ቆራጥነት አንድ የሚመስላቸው ብዙ አለቆች አሉ። የጮኸ አለቃ አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤውን አይጽፍም፤ ጮሆ ወጥቶለታላ!

አሠልጣኝ ስለማስመጣቱ፤ እኔ ራሴ የምበላው በዚሁ ሥራ ነውና ምክሬ ሊገርምህ ይችላል። ዘንድሮ ይቅርብህ። ያቺን ገንዘብ በምን መልኩ ማዞር እንደሚቻል ቦርዱን ጠይቅ፤ ካልተቻለም ከውስጥ ገቢ ፈልግ። ከዚያ የዱቲ ክፍሉን ሄደህ እየው። ፍራሹ ምን ይመስላል? መብራት ሲጠፋ ምን አላቸው? በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል? ሌሊት ብቻዋን የምታድር ሴት ባለሙያ ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ማንም ሳይጠይቃት ዓመታት አልፈው ይሆናል። አዋላጇን ይዘሃት ግባ፤ ከየትኛው እንጀምር ብለህ ጠይቃት።